ፓቺንኮ እና የቤት አስቤዛ

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ የሩቅ አገር ጨዋታ ነው። ለምን እንደመረጥኩት ወደ መጨረሻው ትደርሱበታላችሁ።

ዩኒቨርሲቲ የገባችው የልጅ ልጄ ለእረፍት እኔ ዘንድ ስትሰነብት ማታ ማታ አንድ ተከታታይ ድራማ ታይ ነበር። ታሪኩ የአንድ ኮሪያዊ ቤተሰብ ነው፤ ርዕሱ «ፓቺንኮ» ይባላል። ሁለት ሦስት ክፍል አብሬያት ካየሁ በኋላ «ለመሆኑ ፓቺንኮ የሰው ስም ነው ወይስ የአገር?» ብዬ ጠየቅኋት። «ቁማር ነው አያቴ፣ የጃፓን ቁማር» አለችኝ። ቁማር የሚለውን ስሰማ ጎረቤቴ ትዝ አለችኝ። የእሷን ነገር ቆይቼ እነግራችኋለሁ። የልጅ ልጄ መጽሐፉን ከጓደኛዋ ተውሳ አመጣችልኝና መነጽሬን አድርጌ ቀስ እያልኩ ጨረስኩት። ከዚያ ወዲህ ስለ ጨዋታው ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ከረምኩ።

ልጆች ብይ ሲጫወቱ ያላየ ወላጅ የለም። ከኩሽኔታ የወጣች የብረት ብይ ያገኘ ልጅማ እንደ ወርቅ ነው የሚይዛት። የፓቺንኮ ኳስም እንደዚያችው ናት፤ ውፍረቷ 11 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቷ አምስት ግራም ተኩል ገደማ። ማሽኑ የቆመ ጠባብ ሣጥን ይመስላል። ፊቱ መስታወት ነው፤ ከመስታወቱ ኋላ በመቶ የሚቆጠሩ ቀጫጭን የናስ ምስማሮች የተመቱበት ሰሌዳ አለ። ተጫዋቹ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ እጀታውን ሲያዞር ኳሶቹ ወደ ላይ ይስፈነጠሩና ከምስማሮቹ ጋር እየተላተሙ ይወርዳሉ። አብዛኞቹ ታች ባለው ቀዳዳ ገብተው ይቀራሉ። መሃል ወዳለችው ጠባብ ቀዳዳ የገባች ኳስ ግን ስክሪኑ ላይ ቁጥሮች እንዲሽከረከሩ ታደርጋለች። ሦስቱም ቁጥሮች አንድ ዓይነት ከሆኑ በር ይከፈትና ኳስ ይጎርፋል። የጨዋታው ስም የመጣውም ኳሷ ስትስፈነጠር ከምታሰማው ድምፅ ነው።

ኳሶቹ የሚገኙት በኪራይ ነው። የተለመደው ዋጋ ለአንዷ 4 የን ነው፤ በ1,000 የን 250 ኳስ ይገኛል። ማሽኑ በደቂቃ እስከ 100 ኳስ ይተኩሳል። እስቲ አስሉት። አንድም ኳስ ካልተመለሰ 1,000 የን በሁለት ደቂቃ ተኩል ያልቃል። እርግጥ አንዳንዷ እየተመለሰች ጊዜው ይረዝማል። ሰውየውም «እየተጫወትኩ ነው» ይላል እንጂ «እየከፈልኩ ነው» አይልም።

የጨዋታው መነሻ የልጆች መጫወቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በጃፓን ልጆች የሚጫወቱበት፣ ምስማርና ኳስ ያለው ሰሌዳ ነበር። በ1930 ገደማ ናጎያ በተባለችው ከተማ የአዋቂዎች ጨዋታ ሆነ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቤቶቹ ተዘጉ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፣ በ1948፣ እዚያው ናጎያ ንግዱ እንደገና ተጀመረና በመላ አገሪቱ ተስፋፋ። ጊዜው የችግር ጊዜ ነው፤ ሲጋራና ጣፋጭ እንኳ እንደ ልብ አይገኝም። በጥቂት ሳንቲም ገብቶ አንድ ፓኬት ሲጋራ ይዞ መውጣት ለብዙ ሰው ትልቅ ነገር ነበር። ኦዙ የተባለው እውቅ የጃፓን ፊልም ሠሪ በ1952 በሠራው «የአረንጓዴ ሻይ ጣዕም በሩዝ ላይ» በተሰኘ ፊልም ውስጥ አንድ የቀድሞ ወታደር ፓቺንኮ ቤት ከፍቶ እናገኘዋለን። ይህ ባለቤት የቀድሞ አለቃውን ድንገት ሲያገኝ ደስ ይለዋል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ጨዋታ መስፋፋቱ ለአገር እንደማይበጅ የሚናገረው እሱ ራሱ ነው።

የጃፓን የወንጀል ሕግ ቁማርን ይከለክላል። የፈረስ፣ የብስክሌትና የጀልባ ውድድር ውርርድ፣ እንዲሁም ሎተሪ በልዩ ሕግ ተፈቅደዋል። ፓቺንኮ ግን በሕጉ ፊት ቁማር ሳይሆን «መዝናኛ» ነው፤ ስለዚህ ቤቱ ለአሸናፊ ገንዘብ መስጠት አይችልም። ታዲያ ሰው እንዴት ገንዘብ ያገኛል? አሸናፊው ኳሱን አስቆጥሮ ሽልማት ይቀበላል። ቶኪዮ ውስጥ ሽልማቱ ብዙ ጊዜ በፕላስቲክ የታሸገች ቁራጭ ወርቅ ናት። ያችን ይዞ ከቤቱ ውጭ ወዳለች ትንሽ መስኮት ይሄድና ገንዘቡን ይቀበላል። መስኮቷ የሌላ ድርጅት ናት፤ የገዛችውን ለሌላ ነጋዴ ትሸጣለች፤ ነጋዴውም መልሶ ለፓቺንኮ ቤቱ ይሸጣል። ይህ አሠራር በ1961 ኦሳካ ውስጥ ሲጀመር ሽልማቱን ከተጫዋቾች እየገዛ ያተርፍ የነበረውን የወንበዴ ቡድን ከመሃል ለማውጣትና በጦርነቱ ባሎቻቸውን ላጡ ሴቶች ሥራ ለመፍጠር ታስቦ ነበር። በጎ ሐሳብ ነበረው። ውጤቱ ግን ሁሉም እያወቀ ማንም ስሙን የማይጠራው ቁማር ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1980 ሦስት ቁጥር ሲገጥም ኳስ የሚያጎርፈው አዲስ ዓይነት ማሽን ሲመጣ ጨዋታው ይበልጥ ጋለ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ከ18 ሺህ በላይ ፓቺንኮ ቤቶች ነበሩ፤ በዓመት የሚንቀሳቀሰው ገንዘብም 30 ትሪሊዮን የን ገደማ ደርሶ ነበር። አሁን ወጣቱ ፊቱን ወደ ስልኩ ስላዞረ የቤቶቹ ቁጥር ከ7 ሺህ በታች ወርዷል።

አሁን ወደ መጽሐፉ ልመለስ። ደራሲዋ ሚን ጂን ሊ ሴኡል ተወልዳ በሰባት ዓመቷ ከወላጆቿ ጋር አሜሪካ የገባች፣ በሕግ ሙያ የሠራች ሴት ናት። ቶኪዮ ለአራት ዓመት ያህል ኖራ እዚያ ያሉትን ኮሪያውያን አነጋግራለች፤ መጽሐፉም በ2017 ታተመ። ጃፓን ከ1910 እስከ 1945 ኮሪያን ገዝታለች። በእነዚያ ዓመታት ብዙ ኮሪያውያን ለእንጀራ ሲሉ ወይም ተገደው ወደ ጃፓን ሄዱ። ጦርነቱ ሲያልቅ 600 ሺህ ያህሉ እዚያው ቀሩ። በ1952 የጃፓን ዜግነታቸውን አጡ፤ ተወልደው ባደጉበት አገር የውጭ ሰው ሆኑ። ጥሩ መሥሪያ ቤት አይቀጥራቸውም፤ ቤት የሚያከራያቸውም ጥቂት ነበር። ፓቺንኮ ደግሞ ጃፓናውያኑ የሚንቁት ንግድ ስለነበር ለእነሱ በሩ ክፍት ሆነ። ዛሬም ከቤቶቹ አብዛኞቹ በኮሪያ ተወላጆች የተመሠረቱ ናቸው።

በልብ ወለዱ ውስጥ ሱንጃ የምትባል ልጅ አለች። አርግዛ ሳለች አንድ ደግ የወንጌል ሰባኪ አግብቷት በ1933 ኦሳካ ትገባለች። ባሏ ሲታሰር ኪምቺ የሚባለውን የጎመን ምግብ በጋሪ እየገፋች ገበያ ወጥታ ትሸጣለች። ይህን ሳነብ ስንት የማውቃቸው እናቶች በዓይኔ ላይ ሄዱ። ሁለት ወንድ ልጆች አሏት። ታናሹ ሞዛሱ ትምህርት አይሆነውም፤ ፓቺንኮ ቤት ተቀጥሮ ይሠራና ውሎ አድሮ ባለጸጋ ይሆናል። ታላቁ ኖአ ግን መጽሐፍ ወዳድ ነው፤ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። የትውልዱን ምስጢር ሲያውቅ ግን ቤተሰቡን ጥሎ ይጠፋል። ጃፓናዊ መስሎ በሌላ ከተማ ሲኖር፣ እሱም ያገኘው ሥራ ፓቺንኮ ቤት ነው። መጨረሻው ያሳዝናል፤ ላላነበባችሁት እተወዋለሁ። የሞዛሱ ልጅ ሰለሞንም አሜሪካ ተምሮ ባንክ ከሠራ በኋላ ዞሮ ዞሮ ወደ አባቱ ሥራ ይመለሳል።

ከሁሉ የገረመኝ አንድ ነገር አለ። ፓቺንኮ ቤቱ ጠዋት ከመከፈቱ በፊት ሠራተኞቹ በትንሽ መዶሻ ምስማሮቹን በጥቂቱ ያዘነብላሉ። ትናንት የሰጠው ማሽን ዛሬ እንዳይሰጥ፣ ዛሬ ደግሞ ሌላው ጥቂት እንዲሰጥ ነው። ዓይን የማያየው ነገር ነው። ከሰዓት የሚመጣው ሰው ግን «ይቺ ማሽን ዕድለኛ ናት» ብሎ ይቀመጣል።

ሌሎች ሁለት መጻሕፍትም አሉ። አባቷ በፓቺንኮ ቤት ይሠራ የነበረው ዩ ሚሪ የተባለች ጃፓን ያደገች ኮሪያዊት በ1998 ባሳተመችው «ጎልድ ራሽ» ውስጥ የአንድ ፓቺንኮ ቤት ባለቤት የ14 ዓመት ልጅ አባቱን ይገድላል። ገንዘብ የሞላበት፣ ጠያቂ የጠፋበት ቤት ነው። ኤሊሳ ሹዋ ዱሳፒን የተባለች የፈረንሳይና የኮሪያ ደም ያላት ደራሲ በ2018 በፈረንሳይኛ ያወጣችው ደግሞ ለእኛ ለአያቶች ልብ ይቀርባል። ቶኪዮ ውስጥ ትንሽ ፓቺንኮ ቤት ያላቸውን ሽማግሌና አሮጊት የልጅ ልጃቸው ከአውሮፓ መጥታ ትጠይቃቸዋለች፤ ተወልደው ወዳደጉበት ኮሪያ ልትወስዳቸው ትፈልጋለች። እሷ ግን ኮሪያኛው ጠፍቶባት እንደ ልብ መጨዋወት አልቻሉም። ልጆቻችን አሜሪካና አውሮፓ ለወለዱልን ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ሦስቱም መጻሕፍት የሚያሳዩን የቤቱን ባለቤትና የቤተሰቡን ኑሮ ነው። ያንን ሳነብ ለኮሪያውያኑ አዘንኩ፤ በር ሁሉ የተዘጋበት ሰው በተከፈተለት ይገባል። ነገር ግን ነርስ ነኝና ዓይኔ ሌላ ሰው ይፈልግ ነበር። ማሽኑ ፊት የተቀመጠው ሰውዬ ሚስት የት አለች? ልጆቹ ማታ ምን በሉ?

መልሱን ያገኘሁት ከልብ ወለድ ውጭ ነው። ጃፓን ውስጥ በተለያዩ ዓመታት ወላጆቻቸው ፓቺንኮ ሲጫወቱ መኪና ውስጥ የተተዉ ሕፃናት በሙቀት ሞተዋል። «አሁን እመለሳለሁ» ብሎ የገባ ሰው ሰዓቱን ይረሳል። ፀሐይ ላይ የቆመ የተዘጋ መኪና ሙቀቱ በ10 ደቂቃ ውስጥ 10 ዲግሪ ያህል ሊጨምር ይችላል፤ የሕፃን ሰውነት ደግሞ ከአዋቂው ይልቅ ቶሎ ይግላል። ዛሬ የፓቺንኮ ቤቶች ሠራተኞች የመኪና ማቆሚያውን እየዞሩ በመስታወት ልጅ መኖር አለመኖሩን ያያሉ። ያ ወላጅ ልጁን የማይወድ አልነበረም። እዚህ ላይ ነው በሽታውን መረዳት ያለብን።

ስክሪኑ ላይ ሁለት ቁጥር ገጥሞ ሦስተኛው ለጥቂት ሲያልፍ አእምሮ «ተሸነፍኩ» ብሎ አይመዘግበውም፤ «ለትንሽ ሳትኩ» ብሎ እንደገና ይነሣሣል። ሽልማቱ መቼ እንደሚመጣ አለመታወቁም ሰውየውን እዚያው ያስቀምጠዋል። ሲቆይ ሰውየው የሚጫወተው ለማትረፍ ሳይሆን ጭንቀቱን ለመርሳትና የተበላውን ለማስመለስ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ይህንን ከሱስ አምጪ ባሕርያት መሃል አስቀምጦታል። በ2017 የጃፓን መንግሥት ባስጠናው ጥናት ከአዋቂዎች 3.6 በመቶው፣ ማለትም 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው፣ በሕይወት ዘመኑ በአንድ ወቅት የቁማር ሱስ እንደነበረበት ተገምቷል። ገንዘቡን በብዛት ያፈሰሱበት ደግሞ ፓቺንኮ ነው። በ2018 ስለ ቁማር ሱስ ሕግ ወጣ፤ በ2020 ሕክምናው በሕዝብ የጤና መድን እንዲሸፈን ተደረገ።

አሁን ወደ ጎረቤቴ ልምጣ። እኛ አገር ፓቺንኮ የለም፤ የስፖርት ውርርድ ግን በየሰፈሩና በየስልኩ ገብቷል። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን በማለዳ በሬን አንኳኩታ «ሲስተር፣ አንድ ነገር ላማክርሽ» አለችኝ። የልጅ ልጇ፣ ሥራ የያዘ የ22 ዓመት ወጣት፣ በአውሮፓ ኳስ ሲወራረድ 38 ሺህ ብር ዕዳ ገብቷል። አበዳሪዎቹ መሥሪያ ቤቱ ድረስ እየመጡ ነው። እሷ ጣሪያዋን ልታስጠግንበት ያሰበችው እቁብ በዚያው ወር ወጥቶላታል። «ልክፈልለት?» አለችኝ። «ክፈይለት እንጂ፤ ልጅ ነው፣ አንድ ጊዜ ከዳነ ይማራል» አልኳት። ከፈለች። ልጁ ጉልበቷን ስሞ አለቀሰ። ከልቡ እንደነበረ አልጠራጠርም።

ሦስተኛው ወር ሳይሞላ ዕዳው ተመልሶ መጣ፤ ከመጀመሪያውም በለጠ። ክረምቱ ገብቶ ጣሪያው ያፈሳል። እሷ አንድም ቀን «አንቺ ነሽ ያልሺኝ» አላለችኝም፤ እኔ ግን ቤቷ ቡና በተፈላ ቁጥር ከወለሉ ላይ የተደረደሩትን ሳፋዎች አያለሁ።

ከ30 ዓመት በላይ በጤና ሥራ ላይ ቆይቻለሁ። ክብደታቸው የቀነሰ ሕፃናት ሲመጡ እመዝናለሁ፣ ካርዱ ላይ እጽፋለሁ፣ እናቲቱን «እንቁላል ስጪው፣ ወተት ስጪው» ብዬ እመክራለሁ። አንድ እናት ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ተቆጣኋት። ዝም ብላ ሰማችኝና ስትወጣ «የአባቱ ደሞዝ ካርታ ላይ ነው የሚያልቀው» አለችኝ። ምን እንደምመልስላት አላውቅም ነበር። ስለ አስቤዛ ስጠይቅ የአስቤዛው ገንዘብ የት እንደሚሄድ ጠይቄ አላውቅም።

ስለዚህ ለጎረቤቴ ዘግይቼ ያልኳትን ለእናንተ በጊዜ ልበላችሁ።

መጀመሪያ፣ ምልክቶቹን እወቁ። ደሞዝ በተቀበለ በሳምንቱ የሚበደር፣ ስለ ገንዘብ ሲጠየቅ የሚቆጣ፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ስልኩን የሚደብቅ፣ ከቤት ዕቃ እየጠፋ «አላየሁም» የሚል ሰው ካለ ረጋ ብላችሁ ጠይቁት። ሰው በተሰበሰበበት ወይም ገና ተሸንፎ በገባበት ሰዓት አይሁን። «ምን ያህል ነው ያለብህ?» ብሎ መጠየቅ «አንተ ቁማርተኛ» ከማለት ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ዕዳውን በጥሬ ገንዘብ በእጁ አትስጡ፤ በአንድ ጊዜም አትክፈሉለት። ዕዳው ሲጠፋለት መጫወቻው እንደገና ይከፈትለታል። አበዳሪዎቹን ከነገንዘቡ በደብተር ይጻፍ፤ ራሱ ከደሞዙ በየወሩ ይክፈል፤ ቤተሰብ አጠገቡ ይቁም።

ሦስተኛ፣ የቤት ኪራይ፣ የትምህርት ቤትና የአስቤዛ ገንዘብ እጁ በማይደርስበት ይቀመጥ። ይህ ቅጣት አይደለም። የስኳር ሕመምተኛ ባለበት ቤት ጣፋጭ ጠረጴዛ ላይ እንደማይቀመጥ ሁሉ ነው።

አራተኛ፣ «ሕይወት ሰለቸኝ»፣ «ብሞት ይሻላል» የሚል ቃል ከሰማችሁ ነገ ሳትሉ ወደ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል ይዛችሁት ሂዱ፤ ብቻውንም አትተዉት። በዕዳ የተያዘ ሰው እንዲህ ያለውን ቃል ለቀልድ አይናገረውም።

አምስተኛ፣ አያቶች ሆይ፣ ምስጢር አትያዙ። «ለአባቴ እንዳትነግሪ» ሲሏችሁ ልባችሁ ይራራል፤ የእኔም ይራራል። ምስጢሩ ግን የሚጠብቀው በሽታውን ነው እንጂ ልጁን አይደለም።

ጎረቤቴና እኔ ከልጁ አባት ጋር ተቀምጠን ይህንኑ አደረግን። ደሞዙን አባቱ ይይዛል። ሐኪም ዘንድ ሁለት ጊዜ አብሬው ሄጃለሁ። ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ ተመልሶ ተወራርዷል፤ በማግስቱ ራሱ መጥቶ ነገረን። ያንን እንደ ውድቀት አልቆጠርነውም፤ በፊት ይደብቅ ነበርና። ዕዳው ገና አላለቀም። ጣሪያው ለጊዜው ላስቲክ ለብሷል፤ አያቲቱ አዲስ እቁብ ጀምራለች። በዚህኛው እቁብ ላይ ምክር ስትጠይቀኝ «ቆርቆሮ ግዢበት» ብያታለሁ።

ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ በጤና ቆዩልኝ።